ከቆሎው ጋር የሄደው ገጽ

እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ እሸጣለሁ። ልጄ ማንበብ አትወድም፤ እንደኔ ፊደል ቆጥራ ብቻ እንዳትቀር ሁሌ እሰጋለሁ። ባለፈው ከአንድ አሮጌ የተረት መጽሐፍ ከኋላ እየቀደድሁ ቆሎ ስጠቀልል፣ ለካ አጠገቤ ሆና የቀረውን ታነባለች። «እማዬ፣ ጦጣዋ ወጥመድ ገባች፤ ቀጣዩ ገጽስ?» አለችኝ። «አሁን ጋሽ ሰይድ ቆሎ ይዘውበት ሄዱ» ብላት፣ ወደ ጨርቅ ሱቃቸው ሮጠች።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ሰይድ ቆሎውን በኮፍያቸው ይዘው፣ ልጄን አስከትለው መጡ። ደነገጥሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅ ናት» አልኋቸው።

«ወረቀቱንስ ትውሰደው። ጦጣዋ ማምለጧን አነበበችልኝ፤ እንዴት እንደተያዘች ግን አላውቅም። የፊተኛውን ገጽ ሳትሸጪው ታንብብልኝ» ብለው አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

መጽሐፉን ለልጄ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ቆሎውን በእጁ ተቀበለ።