የገዛ ሥራቸውን የፈተኑት ዶክተር ይርዳው አለምነህ

አምላክ ሰጥቶን ዛሬ መልሶ የወሰዳቸው ዶክተር ይርዳው አለምነህ፣ ከአባታቸው ከአቶ አለምነህ ንብረትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሰች ባምላክ በ1971 ዓ.ም. በቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። መስከረም ላይ የክረምቱ ጎርፍ ከሜዳው ሳይጎድል ደብተራቸውን በአናታቸው ተሸክመው እየተሻገሩ አንደኛ ደረጃን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ወረታ ጨርሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሩ።

በ1999 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፍሬህይወት ትዕዛዙ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጆቻቸውን መስከረምንና ሰውመሆንን አፍርተዋል።

ለዶክትሬት ጥናታቸው የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍልን ሥራ ያቀልላል ያሉትን ፕሮግራም ሠርተው፣ ለስልሳ ሠራተኞች መጠይቅ ቢበትኑ፣ ስልሳዎቹም እጅግ ጥሩ ነው ብለው መለሱ። ሊመረቁ አንድ ወር ሲቀራቸው ግን፣ ለምስጋና ሲሄዱ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ አምሳል ታካሚውን ሁሉ በወረቀት መዝግበው ከሸኙ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገለብጡ ደረሱባቸው። ምነው ቢሏቸው፣ «የካሰች ልጅ ደክሞ የሠራውን እንዴት ብለን እንንቀፈው?» አሉ።

ዶክተር ይርዳው ያን ቀን እህል አልቀመሱም። አማካሪያቸው ተመረቅና ኋላ ታስተካክለዋለህ ቢሏቸውም፣ በይሉኝታ የተሞላ መጠይቅ ይዤ ዶክተር አልባልም ብለው ጥናታቸውን መልሰው ወሰዱ። ከዚያም ግማሾቹ ጤና ጣቢያዎች በፕሮግራሙ፣ ግማሾቹ በቀድሞው መዝገብ እንዲሠሩ በዕጣ ለይተው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በየካርድ ክፍሉ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አንዳች ሳይናገሩ፣ እያንዳንዱ ታካሚ ስንት ደቂቃ እንደቆመ እየቆጠሩ ጻፉ። ውጤቱም የገዛ ፕሮግራማቸው ሰልፉን እንዳስረዘመ አሳየ፤ እሳቸውም ይህንኑ በስማቸው አሳትመው ዶክተር ተባሉ። ሰው የልጁን ጥፋት ለጎረቤት መንገር እንኳ ሲከብደው፣ ይህን ልብ ከየት አመጡት እያልን እስከ ዛሬ እንደነቃለን። ኋላም ፕሮግራሙን ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠው እንደ አዲስ ሠርተው፣ ሰልፉ ማጠሩን ዳግመኛ ለክተው እስኪያረጋግጡ ድረስ ስለ እሱ አንድ መልካም ቃል አልወጣቸውም። ለአሥራ አንድ ዓመታትም ተማሪዎቻቸውን ጠይቃችሁ ብቻ አትመኑ፣ ተቀምጣችሁ እዩ እያሉ አስተማሩ።

የኩላሊት ሕመም ሲጸናባቸው በሆስፒታልም በዋንዛዬ ፍል ውኃም ሲረዱ ቆዩ። ጠያቂ ሁሉ ተሽሎኛል እንዲሉት ሲጠብቅ፣ እሳቸው ሕመሙን በየሰዓቱ ከጻፉበት ደብተር ያነቡለት ነበር። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊትም፣ «ዜና ሕይወቴን ስትጽፉ የተሳሳትሁትን አትዝለሉ» ብለው አደራ አሉ።

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ካሰችም ብርታቱን ይስጥልን። እንደ አደራቸው ስህተታቸውን በፊታችሁ አነበብን፤ ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና ብንፈልግላቸውም አጣን።