የውሰት ልጅ

ከጋሳይ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ፣ አጠገቧ ላሉት አሮጊት ታወራለች።

«መንግሥት ለከሱ ልጆች አልሚ ዱቄት ይሰጣል ሲባል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልጄን ተዋሰኝ።»

«ልጅም እንደ ወንፊት ይዋሳሉ እንዴ?»

«ሊያስመዝኑት ነዋ! በቀበሌው እንደሱ የከሳ አልነበረም።»

«መዛኟ አላወቀችውም?»

«ኮፍያ ይቀያይሩለታል።»

«ምን ጉድ ነው! አንቺስ አስመዘንሽው?»

«ተራዬ ሲደርስማ ወፍሮ መጣልኝ። ይፍረዱኝ እማማ፣ የሰው ልጅ ተውሶ ሳያበላ የሚመልስ አለ? አንዷ ገንፎ፣ አንዷ እንቁላል... ሚዛን ላይ ባወጣው ‹ይሄማ ደህና ነው› ብላ መለሰችኝ።»

«ዱቄቱስ?»

«ቀረ። ቤቴ ያለው ቆሎ ነው፣ እሱ እንቁላል ለምዷል፤ ቆሎውን እምቢ ብሎ መልሶ ከሳ። ዛሬ ከተማ ላስመዝነው ነው፤ እስክንደርስ ማንም እንዳያጎርስብኝ!»

ልጁ እጁን ወደያዝኩት ዳቦ ሲዘረጋ፣ ልቁረስለት ወይስ ልደብቀው ጨነቀኝ።