ዘንድሮም ያልረከሰው ዲስክ

ድሬዳዋ፣ ጥር 2018፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ለሙቀቱ በተዘጋበት ሰዓት፤ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺዋ ዚነት ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች፣ በቅርቡ ከኖርዌይ የተመለሰው ግሩም አጠገቧ ቆሟል።

ግሩም፦ እባክዎ እጅዎን ከኪቦርዱ ላይ ያንሱልኝ። አሥር ደቂቃ ብቻ።

ዚነት፦ «እባክዎ» ደግሞ! ድሬ እኮ ነው ያለኸው አቦ። አንቺ በለኝ። አሥር ደቂቃውንም ከአንድ ሰዓት በፊት ሰጥቼሃለሁ።

ግሩም፦ እሺ፣ አንቺ። አታጥፊው እትዬ ዚነት።

ዚነት፦ ነገ አራት ካሜራ ይዤ ሰርግ እገባለሁ። የምቀርጸውን የት ላድርገው? ሻሼ ውስጥ?

ግሩም፦ አዲስ ዲስክ ላይ።

ዚነት፦ አዲስ ዲስክ ላይ ይላል! ጠዋት አንተው «ገዝቼልሽ እመጣለሁ፣ አሮጌውን እንዳትነኪው» ብለህ አልነበር የወጣኸው? የታለ?

ግሩም፦ አልገዛሁም።

ዚነት፦ አጣህ?

ግሩም፦ ሞልቷል። አራት ቴራባይቱ ተደርድሯል።

ዚነት፦ ገንዘብ አነሰህ?

ግሩም፦ አላነሰኝም።

ዚነት፦ ታዲያ?

ግሩም፦ ዋጋው ልክ አይደለም።

ዚነት፦ ሱብሃነላህ! የእናቱ አርባ ሐሙስ ነው፣ እሱ ከዲስክ ዋጋ ጋር ይጣላል።

ግሩም፦ ስሚኝ። በ2012 ይህ ዲስክ፣ ይኸው አራት ቴራ፣ ስንት ዶላር እንደነበር አውቃለሁ። ዛሬ ከዚያ በልጧል። በዶላር ነው የምልሽ፣ ብሩን ተይው።

ዚነት፦ ብሩንማ ካነሳን ተቃቅፈን እናለቅሳለን።

ግሩም፦ መርከስ ያለበት ዕቃ ነው እኮ። አንድ ሰው መሀል ላይ እየበላ መሆን አለበት።

ዚነት፦ ኖርዌይ ስንት ነው?

ግሩም፦ ምኑ?

ዚነት፦ ዲስኩ። ስልክህ ላይ አይተኸዋል፤ ሳታይ አትቀርም።

ግሩም፦ ያው ነው።

ዚነት፦ ይኸው። የድሬን ነጋዴ ይቅርታ ጠይቅ።

ግሩም፦ ቆይ፣ ለምን ግን የግድ ይህኛውን ታጠፊዋለሽ? ሌላ ዲስክ የለሽም?

ዚነት፦ ሌሎቹ የዚህ ዓመት ሰርጎች ናቸው፤ ገና ኤዲት አልተደረጉም። ይህ የቆየ ነው። የሦስት ሰርግ ጥሬ ቀረጻ፤ አርባ አንድ ሰዓት። ባለቤቶቹ ተቆራርጦ የተሰናዳውን ሁለት ሁለት ሰዓት ወስደዋል፣ ከዚያ ወዲህ ጥሬውን የጠየቀኝ የለም።

ግሩም፦ እኔ ጠይቄሻለሁ።

ዚነት፦ የተሰናዳውን ሰጥቼሃለሁ።

ግሩም፦ አየሁት። ሙሽሮች፣ ሚዜዎች፣ ኬክ፣ እንደገና ሚዜዎች። በስድስት ሰዓት ውስጥ እናቴ አንድ ጊዜ ክርኗ ታየ።

ዚነት፦ የእሷ ክርን መሆኑን በምን አወቅህ?

ግሩም፦ የቃጠሎ ምልክቱ።

ዚነት፦ አዎ። የአመለወርቅ ክርን። አላህ ይርሀማት። ድግስ ቤት ወጥ ሥራውን የሚያዝ ሰው ሙሽሮች አጠገብ አይቆምም፤ ድስት አጠገብ ነው የሚቆመው። እኔም ስቆርጥ ድስቱን እቆርጣለሁ።

ግሩም፦ አንድም የሚንቀሳቀስ ምስል የለኝም። ፎቶ አለኝ። ፎቶዋ ላይ ሁሌ ትንፋሿን ይዛ ነው የምትቆመው፤ እሷን አትመስልም።

ዚነት፦ በቪዲዮ አታወሩም ነበር?

ግሩም፦ ስልኳ ባለ ቁልፍ ነበር።

ዚነት፦ ብቻህን አይደለህም፤ ለቅሶ በገባ ቁጥር ሰው ወደዚህ ቤት ይመጣል። «ዚነት፣ አባታችን እነ እገሌ ሰርግ ላይ ነበር፣ እስቲ ፈልጊልን» ይሉኛል። ሲበላም ይሁን ሲጨፍር ቆርጬ እሰጣለሁ። ለአርባው ያዩታል። አንዷ ባሏን ከሌላ ሴት ጋር ሲጨፍር አገኘችው፤ እሱንም ወሰደች።

ግሩም፦ እናቴ ስንት ሰርግ ላይ አለች?

ዚነት፦ ነበረች በል። ወደ ሠላሳ።

ግሩም፦ ሃያ ሰባቱስ?

ዚነት፦ አጠፋኋቸው።

ግሩም፦ እንዴት የሰው ትዝታ ታጠፊያለሽ?

ዚነት፦ አትቆጣኝ። ሥራውን ስጀምር የማጥፊያዋን ቁልፍ አላውቃትም ነበር። በየዓመቱ አዲስ ዲስክ እገዛለሁ፤ ዋጋው ያው ነው፣ ሆዱ ግን እጥፍ ይይዛል። ያለፈውን ሁሉ ገልብጬ ለአዲሱ ሰርግ ቦታ ይተርፈኝ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ሄድኩ፣ ዋጋውም ሆዱም ያው። በዓመቱ ሄድኩ፣ ያው። ሰርጉ ደግሞ አይቆምም፤ ካሜራውም እየጠራ ይበልጥ ይበላል።

ግሩም፦ ለምን ይቆማል? ቴክኖሎጂ አይቆምም። ውድድር እስካለ ድረስ…

ዚነት፦ ማን ከማን ነው የሚወዳደረው? ድሮ ካርቶኑ ላይ ስንት ዓይነት ስም ነበር። አንዱ አንዱን እየገዛ ዓለም ላይ ሦስት ፋብሪካ ቀረ። ና፣ ይህን የሞተውን እየው፤ እኔው ነኝ የፈታሁት። ምን ይታይሃል?

ግሩም፦ መስታወት የመሰለ ክብ ነገር።

ዚነት፦ ጽሑፉ እዚያ ላይ ነው። ድሮ እየጠበበ፣ እየረቀቀ ይጻፍ ነበር፤ ያው አንድ ሳህን በየዓመቱ ብዙ ይይዛል፣ ለፋብሪካው ግን ወጪው ያው ነው። አሁን ጽሑፉ ከዚህ በላይ ለመርቀቅ እየተቸገረ ነው። ብዙ እንዲይዝ ከፈለግህ ሌላ ሳህን ትጨምራለህ። ሳህን ደግሞ ነፃ አይደለም።

ግሩም፦ ትንሹስ ለምን አይረክስም? አንድ ቴራው?

ዚነት፦ ሞተሩን እየው። ይህን ክንዱን። ቆርቆሮውን። ትንሽ ያዘ ብለህ ግማሽ ሞተር አትገጥምለትም። ዕቃው ራሱ የሚወርድበት ወለል አለው፤ እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ግሩም፦ ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?

ዚነት፦ ከስሬ። ላፕቶፑም ትቶታል፤ ሞተር የሌለውን ፈጣኑን ነው የሚገጥመው። አሁን ይህን የሚገዛው እንደ እኔ ያለ ሰርግ ቀራጺና እነዚያ መጋዘን የሚያክል ኮምፒውተር ያላቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። እነሱ በጭነት ይወስዳሉ፤ ፋብሪካው የእነሱን ፊት ያያል። ዘንድሮማ ጭራሽ ተሻምተውበት ዋጋው ወጣ።

ግሩም፦ ግራፉ ግን እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ቀጥ ብሎ። እኔ የተማርኩት እኮ ዋጋ ነው፤ የዲስክ ዋጋ መማሪያ ምሳሌያችን ነበር።

ዚነት፦ ያን ግራፍ ሰምቼዋለሁ።

ግሩም፦ ከማን?

ዚነት፦ ከእናትህ።

ግሩም፦ ከእናቴ?

ዚነት፦ ተቀመጥ እንጂ። ወንበሩ አይበላህም።

ግሩም፦ ምን አለችሽ?

ዚነት፦ በ2012 ጠራኋት። «አመለ፣ ቦታ ሞልቶብኛል። አንድ ዲስክ ካመጣሽልኝ አንቺ ያለሽበትን ሁሉ እሱ ላይ አደርገዋለሁ፣ ለልጅሽ ይሆናል» አልኳት። በሳምንቱ ደስ ብሏት መጣች። «ግሩም በሚቀጥለው ዓመት በግማሽ ይረክሳል ብሏል፤ እሱ ዋጋ ነው የተማረው» አለችኝ።

ግሩም፦ በሚቀጥለውስ?

ዚነት፦ «ዘንድሮ ገበያው ታሞ ነው፣ ከርሞ ይወርዳል ብሏል።» ከዚያ በሚቀጥለውም። እኔም ጠበቅሁ። ወላሂ የእሷን ሰርጎች ሳልነካ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ። ሌላውን እያጠፋሁ።

ግሩም፦ መጨረሻ ላይ?

ዚነት፦ መጨረሻ ላይ ራሷ መጣች፤ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ላይ። «ሥራሽ በእኔ አይቁም፣ አጥፊው። እሱ ሲመጣ እኔኑ ያየኛል» አለች። አጠፋሁ። ሦስቱ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

ግሩም፦ የዲስኩ ዋጋ የእኔ የሁለት ቀን ምሳ ነበር።

ዚነት፦ እኔ አልጠየቅሁህም።

ግሩም፦ ልነግርሽ ነው። ገንዘብ አልሰሰትኩባትም፤ ሌላ ነገር እልክላት ነበር። ይህን ግን… ትክክል ነበርኩ። ትክክል መሆን ደስ ይለኝ ነበር። እዚያ በስብሰባ ላይ ስናገር ሰዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። እሷ ግን «እሺ» ትላለች። «እንዴት አወቅህ?» ትላለች። ስለ ሠፈሩ ስትነግረኝ ሰዎቹ እየጠፉብኝ መጥተው ነበር፤ እገሌ ማነው ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። የማወራላት ነገር አልነበረኝም። ዋጋ ነበረኝ።

ዚነት፦ ዛሬ ከገዛኸው ያኔም መግዛት ነበረብህ ማለት ይሆናል። ለዚህ ነው ባዶ እጅህን የመጣኸው።

ግሩም፦ አላውቅም። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነበር። እግሬ አልገባም አለ።

ዚነት፦ በል ወደዚህ ተጠጋ። እንፈልጋት። ይህ የሃናን ሰርግ ነው፣ ጥር 2013። ሦስተኛው ካሜራ ድንኳኑ ጀርባ ተተክሎ ተረስቶ ነበር፤ ማታ ስንሰበስብ ነው ያገኘነው። አይቼው አላውቅም።

ግሩም፦ ጄነሬተር ብቻ ነው የሚታየው።

ዚነት፦ ታገሥ፣ ላሳልፈው። ፍየል። አሁንም ፍየል። የሙሽራው አጎት ተደብቆ ሲያጨስ፤ ይህን ለሚስቱ እሸጠዋለሁ። ቆይ፣ ቆይ።

ግሩም፦ እሷ ናት።

ዚነት፦ እሷ ናት። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች።

ግሩም፦ ወዴት ነው የምትመጣው?

ዚነት፦ ወደ ካሜራው። ስልክ ልታነሳ ነው። እኔኮ ሁሌ ይገርመኝ ነበር! ሰርግ መሀል፣ ሰው ወጥ እያለ ሲጮህ፣ አመለ ትሰወራለች። ሁሌ እሁድ፣ ሁሌ ዘጠኝ ሰዓት። ጸሎት ላይ ናት እንል ነበር።

ግሩም፦ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት የምደውለው እኔ ነኝ።

ዚነት፦ ለካ አንተ ነህ!

ግሩም፦ ሰርግ ላይ ነኝ ብላኝ አታውቅም። «ቤት ቁጭ ብያለሁ» ነበር የምትለኝ።

ዚነት፦ ድምፁን ልክፈተው?

ግሩም፦ ክፈቺው።

ዚነት፦ ጄነሬተሩ ውጦታል። ምንም አይሰማም።

ግሩም፦ ይሁን። የተባለውን አውቀዋለሁ። ፊቷን ነው ያላየሁት። እየሳቀች ነው?

ዚነት፦ እየሳቀች ነው። ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ እሺ እንደማለት።

ግሩም፦ «ከርሞ ይወርዳል» ያልኳት ያን ቀን ይሆን?

ዚነት፦ እኔ በምን አውቃለሁ?

ግሩም፦ ስንት ደቂቃ ሆነ?

ዚነት፦ ከታች ይቆጥራል፣ እየው። ካነሳች ስድስት ደቂቃ።

ግሩም፦ ስድስት? ከአምስት አልፌ አውርቼ አላውቅም። ካርዴ እያለቀ… አይ፣ ካርድ አይደለም። አምስት ላይ «በይ እናቴ፣ ሥራ አለብኝ» እላለሁ። በእሁድ ቀን ምን ሥራ አለ።

ዚነት፦ አፏ አይንቀሳቀስም እኮ።

ግሩም፦ ዘግቻለሁ ማለት ነው።

ዚነት፦ ስልኩ ግን ጆሮዋ ላይ ነው።

ግሩም፦ ምን እየሰማች ነው?

ዚነት፦ ምንም። ቆማለች። ሰባት። ስምንት። ከውስጥ አንዷ ወጥታ ጠራቻት፣ እናትህ በእጇ «ቆዪ፣ ልጄ ነው» የምትል ትመስላለች።

ግሩም፦ ልጇ የለም እዚያ።

ዚነት፦ አሥራ አንድ ደቂቃ። ግሩም፣ ልዝጋው?

ግሩም፦ አትንኪው።

ዚነት፦ እሺ። ግን አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ሱቆቹ እየከፈቱ ነው፣ የሳንቃው ድምፅ ይሰማኛል። ለነገ ቦታ ያስፈልገኛል፣ እውነቴን ነው። ወይ አሁን ሄደህ በተባለው ዋጋ ትገዛለህ፣ ወይ ይችን ቁራጭ አውጥቼ ሰጥቼህ ሌላውን አጠፋለሁ። አርባ አንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ ቦታ መኖሯን አላውቅም። የሌሎች እናቶች ግን አሉ።

ግሩም፦ ምንም እንዳታጠፊ። እገዛለሁ።

ዚነት፦ እንግዲያው ተነሣ፣ ሂዳ።

ግሩም፦ እሄዳለሁ። ዛሬ ግን መጀመሪያ እሷ ስልኩን ዘግታ ትግባ።