የመኪናው ባለቤት ማን ነው?

የእህቴን ባል ከድርን የመንግሥት እርሻ መኪና ገጭቶ ገደለው፤ ከጎሮ ገበያ ወደ ሮቤ ሲመለስ። ሹፌሩ ታሰረ። እህቴ ግን ልጆቿን ታቅፋ ቀረች፤ ጭንቁ እነሱን በምን ታሳድጋለች ነው። ሽማግሌ ብንጠይቅ አባ ጀማል ራሳቸውን ነቀነቁ። "የደም ካሳውን፣ ጉማውን፣ የሚከፍለው የገዳይ ጎሳ ነው። ይሄ ሹፌር ጎጃሜ ነው፤ ጎሳውን ከየት እንጥራው?" አሉን። እኔ ደግሞ ከጎረቤት ተውሼ የማገላብጠው የሕግ መጽሐፍ፣ መኪና ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል ይላል። የመንግሥት መኪና ባለቤቱ ማን ይሆን? ነገሩ ከነከነኝና እህቴን ይዤ የእርሻው ኃላፊ ዘንድ ገባሁ።

"ጓዲት፣ መኪናው የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው" አለኝ።

"ከድርስ?"

"ገበሬ አይደል? እሱም ሰፊው ሕዝብ ነው።"

"ወላሂ! በገዛ መኪናው ነዋ የሞተው!"

"እንግዲህ ማንን ትከሺያለሽ?" ብሎ ሳቀ።

እህቴ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እኔ፣ እውነቴን ነው፣ ከመናደዴ በፊት መገረሜ ቀደመ፤ እንዲህ ያለ ክርክር መጽሐፉ ውስጥ አላየሁም። እስቲ መጨረሻውን ልየው ብዬ ጠየቅሁት፤

"ጓድ ኃላፊ፣ እርስዎስ ከሰፊው ሕዝብ ውስጥ አሉበት?"

"እንዴታ!" አለ ደረቱን ነፍቶ።

"አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው ፍርድ ቤት የማቆመው ባለቤት ተገኘ" አልሁት።