ስለ አንድ ገጽ የሚዘጋ ቤት

የስፌት መኪና ጠጋኙን ማን፣ መቼ፣ የት እንደሰደበው ይጠይቁት፤ አይሳሳትም። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ የመለዋወጫ ነጋዴው ደንበኞቹ ፊት፣ «በዚህ በቅባት እጅህ ሣልኩት ብትል ማን ያምንሃል?» አለው። የስፌት መኪናውን ሆድ ዕቃ ከነብሎኑ የሚያሳየውን የጠጋኙን ሥዕል፣ ነጋዴው ስሙን ቆርጦ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ለጥፎት ነበር። ስድቡ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

ስለዚህ አዲሱ የቅጂ መብት ረቂቅ ሕግ ሲመጣ፣ ዛሬ ጠዋት የጠጋኞች ማኅበር ቢሮ ወጥቶ ረቂቁን የሚደግፉ ሰዎች ዝርዝር ላይ ፈረመ። ጸሐፊዋም ወዲያው ዝርዝሩን ፖስታ ውስጥ አሽጋ ለምክር ቤቱ ላከችው። ሲወርድ ደረጃው ላይ ሕግ የተማረችውን የእህቱን ልጅ አገኛት። የተቃውሞ ደብዳቤ ይዛለች።

«ተቃውሞ? የተማርሽው ለሌባ ልትቆሚ ነው?»

«ጋሼ፣ ረቂቁን አንብበውታል?»

«ሌባ ይቀጣ ይላል። ሌላ ምን ላንብብ?»

«የሚቀጣው ሌባውን ሳይሆን ሌባው የገባበትን ቤት ነው። አንድ ሰው ከሌላ ሰው ሥራ አንድ ገጽ እንኳ ያለ ፈቃድ ከለጠፈ፣ ድረ ገጹ በሙሉ ይዘጋል።»

«ይዘጋ! ነጋዴው ሲያለቅስ ልየው።»

«እሱማ ጠበቃ አለው፤ በሳምንቱ ያስከፍታል። የእርስዎ ሥዕሎች የት ናቸው?»

ቧንቧ ፈንድቶ የጠጋኙን ደብተሮች ካበሰበሰ ወዲህ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ሥዕሎቹ ያሉት በጠጋኞች ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ድረ ገጹን የምታስተዳድረውም አንዲት ጡረተኛ ባለሙያ ናት፣ ያለ ደመወዝ።

«እሷ ያለችው ባሕር ማዶ ነው። የእኛ ሕግ ምን ያደርጋታል?»

«ከአገራችን የሚከፈት ድረ ገጽ ሁሉ ይጠየቃል፤ የሷም አገር ተመሳሳዩን ሊያወጣ ነው። ቅጣቱን አትችለውም፤ ፈርታ ራሷ ትዘጋዋለች። ያኔ ከዓለም ሁሉ ይጠፋል። እዚያ ከፋብሪካ መመሪያ ያለ ፈቃድ ያልለጠፈ ጠጋኝ አለ?»

«እኔም ሁለት ገጽ ለጥፌያለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ሌባ ሲባል የሚታየው የነጋዴው ፊት ብቻ ነበር። አሁን የራሱም ታየው።

«ታዲያ ተዘርፈን ዝም እንበል?»

«ኧረ የለም! የተወሰደችው ገጽ ብቻ ትነሳ፣ የለጠፈው ሰው መልስ ይስጥ፣ ስምዎም ሥዕልዎ ላይ ይመለስ። እንዲህ ቢሆን እርስዎ መብትዎን ያገኛሉ፣ ጀማሪውም መማሪያ አያጣም። ደብዳቤያችን የሚለው ይኼንኑ ነው።»

«እውነትሽን ነው፤ ገባኝ» አለ ጠጋኙ።

ፊቷ በራ። እስክሪብቶ አቀበለችው። ተቀብሎ ትንሽ ያዘውና፣ ጠዋት የፈረመበት የታሸገው ፖስታ ትዝ ብሎት መለሰላት።

«ምነው ጋሼ? ለመሆኑ ዛሬ እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?»

ጠጋኙ ግድግዳውን ተደግፎ አሳለፋት፤ ከዚያም ደረጃውን ወርዶ ሄደ።