ሃያ አራት ዓመት ባቡር የጠበቀችው ሴት

ጓድ ሊቀመንበር፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ወይዘሮ የሺአረግ፣ ደግሞም እዚያ ጥግ ተቀምጠህ ገና ሳንጀምር መነጽርህን የምትጠርገው ጋሼ ወልደጻድቅ! አቦ፣ ቆይ እንጂ፣ እንባው በኋላ ነው። መጀመሪያ እንስቅብሃለን።

እኔ ሸረፈዲን ነኝ። ከዚህ ሰውዬ ጋር በምድር ባቡሩ የአደጋ ሪፖርት ክፍል ሃያ አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ሚስቴን እንኳ ያን ያህል ፊት ለፊት አላየኋትም። ስለዚህ የመጣበትን ቀን እኔ ልናገር።

ጊዜው በ51 ዓ.ም. ግንቦት ነው። የድሬዳዋን ግንቦት ታውቁታላችሁ፤ የባቡር ሐዲድ ላይ እንቁላል ይጠበሳል። ከአዲስ አበባ የመጣው ባቡር ቆመ። ሰው ሁሉ በሽርጥና በካናቴራ ይወርዳል። በመካከል አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ብቅ አለ፤ የሱፍ ካፖርት ለብሶ! እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ዕቃ ተሸካሚያችንን ዑግባድን ጠራና፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ እርስዎ ይህን ሳጥን ቢይዙልኝ?» አለው። ዑግባድ ዞሮ ከኋላው የቆመውን ትልቅ ሰው ፈለገ። ማንም የለም። ድሬ ላይ አንቱ ተብሎ አያውቅማ! ይኸው ዑግባድ እዚህ አለ፣ ዋሸሁ እንዴ?

እንግዲህ ዑግባድ አሰበ። ካፖርት የለበሰ ሰው ከድሬ ወዴት ይሄዳል? ወደ ብርዱ አገር ነዋ! ሳጥኑን ተሸከመና ማዶ ቆሞ ወደ አዲስ አበባ ሊነሣ በነበረው ባቡር ላይ ጫነለት። ባቡሩ ጮኸ፣ ሄደ። ጋሼ ወልዴ ላቡን እያንጠባጠበ የእኛን ቢሮ በር ከፍቶ ገባ።

«ሳጥኔ ሄደ!» አለ።

«ምን ነበረው?» አልኩት።

«ወረቀት።»

«የብር ወረቀት?»

«አይደለም፤ የተጻፈ ወረቀት። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው።»

እኔም ወላሂ፣ ብር ባለመሆኑ ደስ ብሎኝ «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። የእሱ ፊት ግን ሰው የሞተበት ይመስል ነበር። ሳጥኑ በሦስተኛው ቀን ከአዋሽ ተመለሰ። የከፈተው ቆሞ ነው፤ መጀመሪያ ሸሚዙን ሳይሆን ወረቀቱን ቆጠረ። ያን ቀን ነው ያቺን ሴት ያስተዋወቀኝ።

ሴትዮዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ለማያውቋት ግን ልናገር። የጋሼ ወልዴ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ አንዲት ሴት አለች። ትንሽ ጣቢያ ላይ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ባቡር ትጠብቃለች። በ51 ዓ.ም. ቆማ ነበር። በ56 ጠየቅኩት፤ ቆማለች። አብዮቱ ፈነዳ፤ ቆማለች። ኧረ ለእግሯ እዘኑላት!

ይህ ሰው መጨረስ የማይችል እንዳይመስላችሁ፤ መጀመር ስለሚወድ ነው። ሽንሌ ላይ ባቡር የገጫትን ግመል ማን ይረሳል? የአደጋው ቅጽ ላይ ሦስት መስመር ነው ያለው፤ ቦታ፣ ሰዓት፣ የእንስሳው ዓይነት። በቃ። ጋሼ ወልዴ አራት ገጽ ጻፈ። «ፀሐይ ገና ከተራራው ብቅ ስትል፣ ከእናቷ ከተለየች ሦስት ቀን የሆናት አንዲት ግመል…» ብሎ ጀመረ። ጸሐፊያችን ቀመሪያ ታይፕ ስታደርገው እያለቀሰች ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀየረች። ከበላይ መልስ መጣ፤ «ሪፖርቱ ልብ ይነካል። ነገር ግን ግመሏ ሞታለች ወይስ ተርፋለች? አልተገለጸም።» ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩና፣

«ጋሼ፣ ግመሏ እንዴት ሆነች?» አልኩት።

እርሳሱን ከጆሮው አወረደና፣ «መጨረሻዋን ገና አልወሰንኩም» አለኝ።

በነጋታው የግመሏ ባለቤት ዐስሊ፣ የምታነክሰውን ግመል እየጎተተች ቢሮው ደጃፍ ድረስ መጣች። «ይኸው፣ መጨረሻዋ ይኸው፤ አሁን ጻፍ!» አለችው። ጻፈም። ካሣዋንም አገኘች።

ሌላም አለ። በውይይት ክበብ ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገን መረጥነው፤ ጓድ ሊቀመንበር ይቅር በለኝ። ሌላው ሰው «ውይይቱ በመግባባት ተጠናቀቀ» ይላል። የእሱ ቃለ ጉባኤ ግን፣ «ጓድ ሊቀመንበር በመስኮት የሚያልፈውን የሩዝ ጋሪ በዓይኑ እየሸኘ፣ ምርት ማደግ አለበት ሲል አሳሰበ» ይላል። እውነት ነው እኮ! ሁላችንም ያን ጋሪ አይተነዋል።

ቀፊራ ገበያ አብራችሁት አትሂዱ። ሁለት ሴቶች ቲማቲም ላይ ሲጣሉ፣ ሰው ሁሉ ሊገላግል ይሮጣል፣ እሱ ቁራጭ ወረቀት ያወጣል። «እናቴ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ስድብ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» ይላል። ጠቡን ትተው ሁለቱም እሱን ያባርሩታል። ያስታርቃቸዋል፤ በእንዲህ ዓይነት መንገድ።

አሁን ግን ጨዋታውን ትንሽ ላቁም። አንድ ነገር ልናገር፤ የሚያሳፍር ነው።

ያቺ ሴት ሃያ አራት ዓመት የቆመችው በእሱ ስንፍና አይደለም፤ በእኛ ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፈው ማነው? እኛ። ዝውውር የፈለገ ወደ ጋሼ ወልዴ። ልጁን ትምህርት ቤት ማስገባት የፈለገ ወደ ጋሼ ወልዴ። እኔ ራሴ ሚስቴን የጠየቅኩበት ደብዳቤ የማን ጽሑፍ ይመስላችኋል? እስከ ዛሬ «ያን ጊዜ እንዴት ትጽፍ ነበር፣ አሁን ምን ነካህ?» እያለች ታሳቅቀኛለች። እምቢ ማለት አያውቅም። መነጽሩን ያደርጋል፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይላል፣ ምሽቱ ያልፋል።

የደቻቱ ወንዝ የሞላ ዓመት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ወጣ። በሩን ዘግቶ ጻፈ። ወይዘሮ የሺአረግ ምስክር ናት። በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ሻንጣዋን አነሣች። አንድ እግሯን የባቡሩ መሰላል ላይ አደረገች! በአምስተኛው ቀን ደቻቱ መጣ።

መጀመሪያ በሩን ያንኳኳችው ዳሃቦ ናት። ይቺው፣ ጅቡቲ እየተመላለሰች የምትነግደው ዳሃቦ። አንድ ድስት ይዛ፣ ሻሿ ውሃ እያንጠባጠበ። «ወልዴ፣ ቤቴ ሄደ። ማመልከቻ አምጪ አሉኝ» አለችው። እሱም ሴትዮዋን አንድ እግሯን መሰላል ላይ እንዳደረገች ትቷት ተነሣ። ከዳሃቦ ኋላ ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ። ሰልፉ ከበሩ እስከ መስጊዱ ጥግ ደረሰ። ፈቃዱ እንዲህ አለቀ። በመጨረሻው ቀን እኔ ሄድኩ፤ የወንድሜ ሱቅ ግድግዳ ፈርሶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ልብ ወለዱን አየሁት፤ የማመልከቻ ክምር ተጭኖታል።

«ጋሼ፣ እሷስ?» አልኩት።

«ሸረፍ፣ እሷ ወረቀት ላይ ነው የቆመችው። እነዚህ ውሃ ውስጥ ነው የቆሙት» አለኝ።

ይህን ሰምቼ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። የወንድሜን ጉዳይ ነገርኩት፤ ጻፈልኝ። ሱቁ ተሠራ። ዳሃቦም ቤት አገኘች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጣሪያውን፣ ዝውውሩን፣ ትዳሩን በዚህ ሰው እርሳስ ያላገኘ ካለ እጁን ያውጣ።

አያችሁ? አንድም እጅ የለም።

እናም ጡረታው ሲደርስ፣ «ዓሊ ሳቢህ እሄዳለሁ፤ እዚያ ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ» ሲል ሁላችሁም ሳቃችሁ። ከድንበር ማዶ፣ ጅቡቲ ውስጥ፣ ድንጋይና ፍየል ብቻ ያለበት! ሰው ለመጻፍ ፓሪስ ይሄዳል እንጂ! እኔም «ለምን እዚያ?» አልኩት። ዙሪያውን አየና ቀስ ብሎ፣ «ሸረፍ፣ እዚያ በአማርኛ ማመልከቻ የሚቀበል ቢሮ የለም» አለኝ።

የመውጫ ፈቃዱን ደግሞ እንዴት እንዳገኘ ስሙ። ቅጹ «የጉዞው ምክንያት» ይላል። «ልብ ወለድ ለመጨረስ» ብሎ ሞላ። ሹሙ፣ «አባባ፣ ሕክምና በል፤ ዘመድ ጥየቃ በል። እንዲህ ያለ ምክንያት አላውቅም» አለው። «ጌታዬ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው» አለ የእኛ ሰው። አራት ወር አመላለሱት። በመጨረሻ ሹሙ ፈረመለት። ከዚያ በሩን ዘጋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ስለ አንተ ሰምቻለሁ። እናቴ ታማብኛለች፤ ወደ እሷ የምዛወርበት አንዲት ማመልከቻ…» አለው። ጋሼ ወልዴ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።» ሹሙ ባለፈው ሳምንት ተዛውሯል!

በጀቱን አውቀዋለሁ፤ አሳይቶኛል። ከጡረታው ትልቁ ለቤት ይቀራል፣ ትንሹ ይከተለዋል። ባቡሩ እንደ ጡረተኛ በነፃ ነው። እዚያ የሚያርፍባት የዳሃቦ እህት ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ዳሃቦን ስለ ኪራዩ ቢጠይቃት ልትመታው ነበር። ቁርስ በሶ፣ ምሳ ሽሮ፣ እራት ሻይ ብሎ ጽፏል። ይህን ስታይ ዳሃቦ፣ «ዋሪያ፣ አንተ ወልዴ! እህቴ ቤት ሰው ሻይ ጠጥቶ አያድርም። ሩዝ አለ፣ የግመል ወተት አለ። አንተ ብቻ ጻፍ!» አለችው።

ወይዘሮ የሺአረግን ደግሞ ፈርቶ ሁለት ሳምንት ሳይነግራት ቆየ። ሲነግራት ምን አለች መሰላችሁ? «ያቺ ሴት ሃያ አራት ዓመት ከእኔ ጋር አንድ ቤት ኖራለች። ወይ አሳፍራት፣ ወይ አግባት!» ዓመት ሰጥታዋለች። ዓመቱ ካለፈ ራሷ ባቡር ይዛ መጥታ እንደምትጨርሰው ነግራዋለች፤ እኔ በእሷ እተማመናለሁ።

አሁን የመጨረሻውን ኃጢአቴን ልናዘዝ። ባለፈው ማክሰኞ የሽኝት ኮሚቴው ንግግሩን አንተ አድርግ አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ተነሥቼ ፊት ለፊቴ ወዳለው ጠረጴዛ ሄድኩ። እዚህ ቤት የተደረገ የሽኝት ንግግር ሁሉ የእሱ ጽሑፍ ነው፤ ማን እንደጻፈው ግን ተነግሮ አያውቅም። «ጋሼ፣ አንድ የሽኝት ንግግር ጻፍልኝ» አልኩት። መነጽሩን አደረገ። እርሳሱን አወረደ።

«የማን ነው?» አለኝ።

ጫማዬን አየሁ። አየኝ፣ ገባው፣ ሳቁን ለቀቀው። «ልጻፍልህ እንዴ? ሰውየውን በደንብ አውቀዋለሁ» አለ። ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? ወረቀት መሳብ ጀምሮ ነበር! እጁን ያዝኩት። «አይሆንም፤ ይህን እኔ እጽፈዋለሁ» አልኩት። ስለዚህ የሰማችሁት ንግግር በዚህ መሥሪያ ቤት ጋሼ ወልደጻድቅ ያልጻፈው የመጀመሪያው ነው። አማርኛው የተንሻፈፈበት ቦታ ካለ የእኔ ነው። እቤቴ በሐረሪ ቋንቋ ነው የማወራው፣ ገበያ በኦሮምኛና በሶማሌኛ፤ አማርኛውን ያስተማርከኝ፣ ጋሼ፣ አንተ ነህ። ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። አንድ ገጽ መጻፍ ምን እንደሚያስከፍል በሃምሳ ዓመቴ አሁን ገባኝ፣ ጋሼ። ስንቱን ገጽህን እንደበላን አሁን ገባኝ። ይቅር በለን። እናመሰግንሃለን። እንወድሃለን፤ ይህንንም ዛሬ ካልነገርንህ መቼም አንነግርህም።

ስጦታችን ትንሽ ናት። ከቀፊራ የገዛናቸው ሃያ አራት ደብተሮች አሉ፤ ሴትዮዋ ለቆመችበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። ደግሞ ቀመሪያ በትልቁ የጻፈችው ማስታወቂያ አለ፤ በርህ ላይ ትለጥፈዋለህ። «እዚህ ቤት ማመልከቻ አይጻፍም» ይላል። ዳሃቦ አይታ፣ «አማርኛ ማን ያነብበዋል እዚያ?» አለች። ለእነሱ አይደለም ዳሃቦ፤ ለእኛ ነው። ባቡር ላይ ዘለን እንዳንመጣበት!

ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ብርጭቆ አንሡ። ቢራ ያለው ቢራ፣ እኔም ሊሞናታዬን ይኸው። ደርቀህ ከተቀመጥክበት ተነሥ፣ ጋሼ፤ ለአንተ እኮ ነው!

ጤና ይስጥህ። ዓሊ ሳቢህ ነፋሱ ይብረድልህ። እርሳስህ አይሰበር። አንድ ልመና ብቻ አለን፤ ማመልከቻ አይደለም፣ አትደንግጥ። ደብዳቤ አትጻፍልን። አንዲትም። ወረቀቱ ለእሷ ነው። ዝም ባልክ ቁጥር እየሠራህ እንደሆነ እናውቃለን። ብቻ የጨረስክ ቀን ወደ ጣቢያው ወርደህ ለቴሌግራፍ ሠራተኛው አንዲት ቃል ስጠው፤ «ተሳፈረች» በል። በቃ፣ ሌላው ይገባናል። ዑግባድ ሻንጣዋን ሊይዝ ይወጣል፣ አሁንስ የትኛው ባቡር እንደሆነ አጣርቶ። እኛም ሁላችን ሥራችንን ትተን የጣቢያው መድረክ ላይ ቆመን እንጠብቃታለን። መጠበቁ አሁን የእኛ ተራ ነው።

ለጋሼ ወልደጻድቅ! ለሴትዮዋም፣ መልካም ጉዞ!