ትዝታን ተስፋ ያልኩበት ቀን

በደርግ ጊዜ አሰላ ላይ የዜማ ደራሲ ልሁን ላለ ሰው መንገዱ አንድ ነበር፤ ኪነት ቡድን መግባት። እኔም ስለ ገብስ አጨዳ የደረስኩትን ዜማ ይዤ ሄድኩና በአኮርዲዮን ተጫወትኩ። ፈታኙ ካድሬ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና «በምን ቅኝት ነው?» አለኝ። «በትዝታ» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። «ምን ትዝ ብሎህ ነው፣ ጓድ? የባላባቱ ዘመን ናፍቆህ ነው?» በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰውን ከቤቱ ያስወስድ ነበር።

«አስተካክዬው ልምጣ» ብዬ ውልቅ አልኩ። በሳምንቱ ተመልሼ፣ አንዲት ኖታ ሳልነካ ያንኑ ዜማ ደገምኩለት። «ይሄስ በምንድን ነው?» ሲለኝ «በተስፋ ቅኝት ነው፣ ጓድ፤ ወደፊት ነው የሚያየው» አልኩት። «እንዲህ ነዋ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ እኔም እዚያው ተቀጠርኩ። የመጀመሪያውን ትርኢት ስናሳይ ካድሬው ከፊት ተቀምጦ ዓይኑን በመሐረብ ሲጠርግ አየሁት። ስንጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ተስፋ የምትለው ነገር ጮሌ ከተማ ያለችውን እናቴን አስታወሰኝ» አለኝ።